«መንግሥት ለመንግሥት ይነጋገራል» ሲባል በትክክል ምን ይደረጋል?

የቆጪዋ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው፣ ከቆጪ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ታናሽ እህቴ አረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በኤጀንሲ፣ ውል ፈርማ፣ ለቤት ሠራተኝነት። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። በየወሩ ትልክ ነበር፤ የቤታችንን ቆርቆሮ የቀየርነው በእሷ ብር ነው። ከዚያ አሮጊቷ ማዳም ሞቱና ወደ ልጃቸው ቤት አዛወሯት። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ ደመወዝ የለም። ስልኳንም ወሰዱባት።

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ደወለች። በኢሞ፣ በቤቱ ሕፃን ታብሌት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆና ነው። ከኋላዋ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ድምጿ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የከፈተችው ነው። እናቴ ስልኩን በርጩማ ላይ አቁማ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። እህቴ «ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) አልቋል፣ ብወጣ ፖሊስ ይይዘኛል» አለች። አራት ደቂቃ ነው ያወራነው። ተቋረጠ።

ኤጀንሲው ጋ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። «ጉዳዩ ተይዟል» ይሉኛል። ከዚያ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ ወንበር ሰጠኝ፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሲያበቃ «እህቴ፣ ይሄ መንግሥት ለመንግሥት የሚነጋገርበት ጉዳይ ነው» አለኝ። ይቺ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳችኝ።

መንግሥት ለመንግሥት የሚነጋገረው እንዴት ነው? ማን ነው የሚናገረው? ስልክ ነው፣ ደብዳቤ ነው? የውጭ መንግሥታት በኛ አገር ሰብአዊ መብት ላይ «ስጋታቸውን ገለጹ» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ በሬዲዮ እሰማለሁ። የኛስ መንግሥት ለሌላው እንደዚያ ይላል? የአንዲት የጅማ ልጅ ስም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል? የምታውቁ ንገሩኝ። ለፖለቲካ ክርክር አይደለም የጻፍኩት። እህቴ ስለሆነች ነው።

—

ሰሚ

እህት፣ አይዞሽ። ግን ከመንግሥት ብዙ አትጠብቂ። ትልልቆቹ በዘይትና በብር ነው የሚነጋገሩት፣ ስለኛ ልጆች ማን ያነሳል። እዚያ ያለ የአገር ልጅ ፈልጊና እሱ ያውጣት።

—

ጡረተኛው (ጂሬን)

ልጄ፣ መልዕክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ 71 ዓመቴ ነው። ዲፕሎማት አልነበርኩም። ሃያ ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ወደ ውጭ የሚሄድና ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ በእጄ አልፏል። ሰሚ ያልከው በከፊል እውነት ነው። ሙሉ በሙሉ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ሁሉ ወረቀት ባልተጻፈ ነበር።

መጀመሪያ ሁለት መንገድ እንዳለ እወቂ። አንዱ የቆንስላ ሥራ ነው። አንድ መንግሥት ውጭ አገር ላለ የራሱ ዜጋ ሲጠይቅ ማለት ነው። ይሄ በማንም ዘንድ ጣልቃ ገብነት አይባልም፤ ቆንስላ የሚባለው ነገር የቆመውም ለዚሁ ነው። ሁለተኛው የሰብአዊ መብት ስጋት የሚባለው ነው። እሱ ሌላው አገር ሰውን ስለሚይዝበት መንገድ ነው፣ የራሱንም ዜጋ ጭምር። እዚህ ላይ ነው «የውስጥ ጉዳያችን ነው» የሚመጣው። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ራሱ በአንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 7 ድርጅቱ በአገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። በአንቀጽ 55 እና 56 ደግሞ አባል አገሮች ሁሉ ለሰብአዊ መብት መከበር አብረው እንዲሠሩ ያስገድዳል። እድሜ ልካቸውን የሚከራከሩት በነዚህ መካከል ነው።

የእህትሽ ጉዳይ በሁለቱም መንገድ ይሄዳል። እሷ ብቻዋን ስትሆን የቆንስላ ጉዳይ ናት። እንደ እሷ ያሉት ብዙ ሲሆኑ ደግሞ የአገር ጥያቄ ይሆናል።

አነጋገሩን ልንገርሽ። ብዙው ነገር ሬዲዮ አይደርስም። መጀመሪያ በቃል ነው። ቆንስሉ ወይም አምባሳደሩ እዚያ ወዳለው ሚኒስቴር ይሄዳል፣ ጉዳዩን ያነሳል፣ ይመለሳል። መልስ ከጠፋ ወረቀት ይከተላል። ኖት ቨርባል ይባላል። ፊርማ የለበትም፣ ማህተም ነው ያለበት። «እኔ» አይልም፣ «ኤምባሲው» ነው የሚለው። በሰላምታ ይከፍታል፣ በሰላምታ ይዘጋል፤ «ያለውን ከፍተኛ አክብሮት እየገለጸ» እያለ። ዋናው ጉዳይ መሐል ላይ ሦስት ወይም አራት መስመር ነው። ከዚያ ካልሆነ የዚያን አገር አምባሳደር ጠርቶ ማነጋገር አለ። ከዚያ ደግሞ በአደባባይ መናገር። «ያሳስበናል»፣ «በእጅጉ ያሳስበናል» እና «እናወግዛለን» አንድ አይደሉም፤ እያንዳንዷ ቃል ተመዝና ነው የምትወጣው። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ መያዝ፣ ንግድ ማቆም፣ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መክሰስ ነው።

ከዚህ በታች የምነግርሽን አደራ ልብ በይልኝ። አንድ ጊዜ ስለ አንዲት ልጅ የተጻፈ ደብዳቤ ከእጄ ወጣ። መልሱ ሦስት ወር ቆይቶ መጣ። «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ሰው አልተገኘም» ይላል። ፋይሉን አወጣሁት። የፓስፖርቷ ቁጥር መጨረሻ ላይ 1 የነበረው 7 ሆኖ ተጽፏል። ቤተሰቧ በእጅ ጽፎ ካመጣው ወረቀት ነው የተገለበጠው። እንደገና ተጻፈ። ሦስት ወር ልጅቷ እዚያው ነበረች። እስከ ዛሬ ያ 7 ዓይኔ ላይ አለ። ስለዚህ «ይበድሏታል» ብለሽ አትሂጂ። ሙሉ ስሟን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ የፓስፖርት ቁጥሯን፣ የአሰሪውን ስም፣ ከተማውንና ሰፈሩን፣ ደመወዝ የቆመበትን ወር፣ ስልኳ የተወሰደበትን ቀን፣ የደወለችበትን ሌሊት ይዘሽ ሂጂ። የፓስፖርቱን ኮፒ አያይዢ፣ በእጅ አትጻፊው። ስታስገቢ ደግሞ የገቢ ቁጥሩን ሳትቀበዪ ከመስኮቱ አትነሺ።

«የኛስ መንግሥት ይላል ወይ» ላልሽው፣ አዎ ብሏል። ያውም ትልቅ ነገር። በጥቅምት 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር ስለጫነችው አፓርታይድ ነበር። ስድስት ዓመት ገደማ ተከራከሩ። በሐምሌ 1958 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ሆኑ፤ ፕሬዚዳንቱ በድምፁ ለየውና «ከሳሾቹ በዚህ ጉዳይ የመጠየቅ መብት የላቸውም» ተባለ። አፍሪካ ሁሉ አዘነ። ነገር ግን ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በጥቅምት 1959፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ያንን አገር የማስተዳደር ሥልጣኗ አብቅቷል ብሎ ወሰነ። ናሚቢያ ነፃ የወጣችው በ1982 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ። አለቃችን ዜናውን ሲሰማ ብዕሩን አስቀምጦ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ሌላም አለ። እኛም ተጠይቀናል፤ እዚሁ ጅማ ድረስ የሚመጣ ነው። ኢትዮጵያ ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፣ በመስቀል ዕለት። ስትገባ ስለ ባርነት ቃል አስገብተዋታል፤ በተለይ እንግሊዞች አንቀበልም ብለው ብዙ ተከራክረው ነበር። የጅማ ሰው ደግሞ ሂርማታ ገበያ ድሮ ቡናና ማር ብቻ እንዳልተሸጠበት ያውቃል። ሰው ተሽጦበታል። አያቴ ስለዚያ ሲጠየቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ራስ ተፈሪ ባርያ ነፃ የሚወጣበትን አዋጅ በ1916 አወጡ፤ ፈጽሞ የተከለከለው ግን በ1934 ነው። የውጪዎቹ ግፊት ከራሳቸው ጥቅም ጋር የተቀላቀለ እንደነበር አውቃለሁ። እነሱም ቅኝ ገዥዎች ነበሩ። ቢሆንም ሂርማታ ላይ ለቆመው ሰው ጥያቄው መነሳቱ ይጠቅመው ነበር። «የውስጥ ጉዳይ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ያቺ ገበያ ትመጣብኛለች።

—

ሚጡ ዘአጂፕ

እኔም ከነዚያ አንዷ ነበርኩ። በ2006 ከሳዑዲ ከተመለሱት፣ ከ160 ሺህ በላይ ከሚሆኑት። ዛሬ አጂፕ አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

እህቴ፣ እኔ የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ። መጠለያው ውስጥ ሆነን የኛ ሰዎች መጡ። ወረቀት ያላት ቶሎ ወጣች። ፓስፖርቷ ማዳም ጋ የቀረባት፣ ኮፒ እንኳን የሌላት፣ መጀመሪያ ማን መሆኗን ማስረዳት ነበረባት። አጠገቤ የተኛችው የአጋሮ ልጅ ወንድሟ የፓስፖርቷን ፎቶ በስልክ ላከላት፣ በማግስቱ ተጠራች። እኔ አስራ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። የላይኛው አባት የተናገሩት ትክክል ነው።

ሌላው፣ «የአገር ልጅ ያውጣት» የተባለው ያስፈራኛል። ኢቃማ ሳይኖራት ከቤት ብትወጣ «ጠፋች» ብለው ያመለክቱባታል። ከዚያ በኋላ ደመወዟንም መጠየቅ ይከብዳታል። በራሷ እንዳትወጣ ንገሪያት፣ ካልመቷት ካልነኳት በስተቀር። ከመቷት ግን ነፍሷን ታውጣ፣ ሌላው ይደርሳል።

—

ፍትሕ ፈላጊ

የሕግ ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። ጋሼ ያሉትን አልደግምም። ጥቂት ልጨምር።

አንደኛ፣ ኤጀንሲው «ጉዳዩ ተይዟል» ብሎ አይገላገልም። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ኤጀንሲውን ከአሰሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ያደርገዋል። ሲወጣ ኤጀንሲው ለዚሁ ተብሎ 100 ሺህ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝም ይጠይቅ ነበር። አዋጁ በ2013 ተሻሽሏል፣ ግን ሠራተኛዋን ሜዳ ላይ የሚጥል አዋጅ አይደለም። ስለዚህ ማመልከቻሽ ሁለት ይሁን። አንዱ በኤጀንሲው ላይ ለሥራና ክህሎት፣ አንዱ በቆንስላ በኩል። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

ሁለተኛ፣ መንግሥት ጠንከር ብሎ ሲናገር ምን ሊመጣ እንደሚችል ፊሊፒንስን እይ። በ2010 ጥር መጨረሻ ላይ አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ ኩዌት ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሞታ ተገኘች። መንግሥታቸው ወደ ኩዌት ሠራተኛ መላክ አቆመ። የኤምባሲው ሰዎች ሠራተኞችን ከአሰሪ ቤት ሲያወጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ ኩዌት ተቆጣችና በሚያዝያ አምባሳደሩን አባረረች። ሁሉም ነገር ያበቃ መሰለ። በግንቦት ግን ሁለቱ አገሮች ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ሠራተኛዋ ስልኳን እንዳትነጠቅና ፓስፖርቷ አሰሪዋ ጋ እንዳይቀር የሚል አለበት። ስልክ! የእህትሽን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። የአንዲት ሴት ስልክ በሁለት መንግሥታት ስምምነት ውስጥ በጽሑፍ ሊገባ ይችላል።

እኛም በ2006 አግደን ነበር፣ በ2010 ተነሳ። በዚያ መሐል ሰው መሄዱን አላቆመም፤ በየመን በኩል በእግርና በጀልባ ነበር የሚሄደው። ማገድ ብቻውን አይበቃም።

የየመንን መንገድ ካነሳሁ አይቀር። በመስከረም 2015 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ልዩ ራፖርተሮች፣ ማለት አቤቱታ የሚቀበሉ ገለልተኛ ባለሙያዎች፣ ለሳዑዲ መንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። በአራት ወር ውስጥ በየመን ድንበር ላይ ወደ 430 የሚጠጉ ስደተኞች ተገድለዋል የሚል አቤቱታ ደርሶናል፣ መልስ ስጡን የሚል ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለ60 ቀን በምስጢር ይያዛል፣ ከዚያ በአደባባይ ይወጣል። በነሐሴ 2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች የራሱን ሪፖርት አወጣ፤ የሞቱት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን ጻፈ። ሳዑዲ አስተባበለች። የኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚያጣራ ገለጸና ሰው ከግምት እንዲቆጠብ አሳሰበ። እኔ በበኩሌ ያኔ ከዚያ የጠነከረ ቃል ጠብቄ ነበር። እዚያ የሚሠሩ ብዙ መቶ ሺህ ወገኖቻችን እንዳይጎዱ መጠንቀቅ እንዳለ ይገባኛል። ግን የሞቱት የኛ ናቸው። «ያሳስበናል» ለማለት እንኳ ካልበቁ ለማን ነው ቃሉ የሚቀመጠው?

ሦስተኛ፣ ጄኔቫ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት እያንዳንዱ አገር በየአራት ዓመት ተኩሉ ገደማ በሌሎቹ አገሮች ፊት ይቀርባል። ሦስት ሰዓት ተኩል ይቀመጣል፣ የፈለገ አገር ተነሥቶ ምክረ ሐሳብ ይሰጠዋል። ሳዑዲ በጥር 2016 ቀርባ ነበር፣ እኛ በኅዳር 2017። ትንሹም ትልቁም አገር እኩል የመናገር ዕድል ያለው እዚያ ነው። የተቀበለውን ምክር «ደግፌዋለሁ»፣ ያልተቀበለውን «ልብ ብዬዋለሁ» ነው የሚለው፤ «አልቀበልም» የሚል ቃል የለም። ለእህትሽ የነገ መፍትሔ አይደለም። ግን የጠየቅሽው ጠረጴዛ አንዱ እሱ ነው።

—

የቆጪዋ

ሁላችሁም አላህ ይስጣችሁ። ጋሼ፣ ሚጡ፣ ፍትሕ፣ ለአንዲት ለማታውቋት ልጅ ይሄን ሁሉ መጻፋችሁ አስለቅሶኛል። ሰሚ፣ አንተም ከልብህ እንደሆነ ገብቶኛል።

ትናንት ከእናቴ ጋር ሣጥኗን ገለበጥነው። ውሉ ተገኘ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ። የፓስፖርቱ ኮፒ ታጥፎ ታጥፎ ቁጥሩ መታጠፊያው ላይ ደብዝዟል። የመጨረሻዋ አኃዝ 3 ትሁን 8 ትሁን አልለይ አለን። ጋሼ ያሉት ሲመጣብኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ኤጀንሲው ጋ ሄጄ ከዋናው ፋይል አስገለበጥኩ፤ አዋጁን በቁጥር ስጠራ ያቺ ጸሐፊ ፋይሉን ፈጥና አወጣች። 8 ነው።

አሁን አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። ስሟ ቢነሳና አሰሪዎቹ ቢሰሙ፣ ይጎዷት ይሆን? የጎረቤት ልጆች ታሪኳን ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው ይሉኛል።

—

ጡረተኛው (ጂሬን)

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ትልልቆቹም መንግሥታት የሚጨነቁበት እዚሁ ላይ ነው። ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞች በ2003 እዚህ አገር ተይዘው በ2004 አስራ አንድ ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር። በ2005 ዘመን መለወጫ ዋዜማ በይቅርታ ወጡ። ሰውን ለማስለቀቅ የሚደረግ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ለዚያኛው ወገን በክብር የሚመለስበትን በር ክፍት ትቶ። የምትነቅፊው ሰው እጅ ላይ ሰው ካለሽ ቃልሽን ትመርጫለሽ።

የቆንስላውን ማመልከቻ አትጠብቂ፣ ነገውኑ አስገቢ። እሱ በዝግ የሚሄድ ነው። በአደባባይ የሚወጣው ግን የእሷ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስሟ የእሷ ነው።

—

ፍትሕ ፈላጊ

ልክ ናቸው። ለልዩ ራፖርተሮቹ አቤቱታ ስትልኪም ቅጹ የሚጠይቅሽ ይሄንኑ ነው፤ ተጎጂዋ ተስማምታለች ወይ፣ ስሟ ለመንግሥቱ ቢገለጽ ትፈቅዳለች ወይ ይላል። የላኪው ማንነት ግን አይገለጽም። ቅጹን ስትሞዪ ጥሪኝ፣ አብረን እንሞላዋለን።

—

የቆጪዋ

ዛሬ ሁለቱንም አስገባሁ። የገቢ ቁጥሮቹን ደብተሬ ላይም ስልኬ ላይም ጽፌያለሁ። የቲክቶኩን ልጆች «ቆዩ» አልኳቸው።

ማታ ማታ እናቴ በርጩማውን ሶኬቱ አጠገብ አስጠግታ ስልኩን እላዩ ላይ ቻርጅ ታደርጋለች። ተራ ይዘናል፣ እስከ ስድስት ሰዓት እሷ፣ ከዚያ እኔ። የምጠይቃትን በወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፣ አራት ደቂቃ ብቻ ብታገኝ እንዳይጠፋኝ። አሰሪሽ ስሙ ማን ነው። ሰፈሩ የት ነው። ስልክሽን መቼ ወሰዱት። መትተውሻል ወይ። ከታች ደግሞ ትልቅ አድርጌ፣ «ስምሽን ላንሳ?»